ዋንጫው ከታናሹ ቤት ቀረ

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ጎረቤት ሆኖ በአንድ ሜዳ ኳስ መጋጠም ግን የራሱ ጣጣ አለው። ይህን እንደ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና አየርላንድ አሳምሮ የሚያውቅ አይገኝም። አራቱ ጎረቤታሞች ከ1884 እስከ 1984 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ካቋረጧቸው ዓመታት በቀር፣ በየዓመቱ ይጋጠሙ ነበር። በዓለም የመጀመሪያው የብሔራዊ ቡድኖች ውድድር ይኸው ነው።

ጭቅጭቁ የጀመረው ከደንቡ ነው። በ1872 ስኮትላንድና እንግሊዝ ግላስጎው ላይ 0 ለ 0 ሲለያዩ፣ የጋራ የሚሉት ሕግ አልነበራቸውም። ኳስ ከመስመር ስትወጣ በምን ዓይነት ውርወራ ትመለስ በሚለው እንኳ ለዓመታት አልተግባቡም። በ1882 ማብቂያ የአራቱም ፌዴሬሽኖች ተወካዮች ማንቸስተር ላይ ተቀምጠው አንድ ደንብ አወጡ። ውድድሩን የወለደው ያ ስምምነት ነው። በ1886 ደግሞ ደንቡን የሚጠብቅ ቦርድ አቋቋሙ። ዛሬ መላው ዓለም የሚጫወትበትን ሕግ የሚያወጣው ይኸው ቦርድ ሲሆን፣ ከ8ቱ ድምፅ 4ቱ አሁንም በእነሱ እጅ ነው።

ፉክክሩ እልህ የተሞላበት ነበር። በ1937 ስኮትላንድና እንግሊዝ ሐምደን ፓርክ ላይ ሲገናኙ ከ149 ሺህ በላይ ተመልካች ገብቷል። የ1950ው ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። ፊፋ ውድድሩን የብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አድርጎ፣ አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡት እንዲያልፉ ፈቀደ። የስኮትላንድ ፌዴሬሽን ግን አንደኛ ካልወጣሁ አልሄድም ብሎ አስቀድሞ ተናገረ። በሜዳው በእንግሊዝ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ሁለተኛም ወጣ። የብራዚል በር ተከፍቶለት ሳለ ቤቱ ቀረ።

ለታናናሾቹ ነገሩ ሌላ ነበር። አየርላንድ ስትከፈል ቦታውን ይዞ የቀረው ሰሜኑ ነው። ቤልፋስትና ካርዲፍ እንግሊዝን ሲያስተናግዱ ስታዲየሙ ይሞላል፤ ፌዴሬሽኑም ለዓመቱ የሚሆን ገንዘብ ያገኛል። አየርላንድ፣ በኋላም ሰሜን አየርላንድ፣ እስከ 1983 ድረስ ማንም ሳይጋራት ያሸነፈችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ በ1914 እና በ1980።

ኋላ ግን ችግር ተደራረበ። በ1977 የስኮትላንድ ደጋፊዎች ዌምብሌይ ላይ ሜዳውን ወርረው የግቡን ብረት ሰበሩ። በ1981 ቤልፋስት በረሃብ አድማ በሞቱ እስረኞች ምክንያት ስትታመስ፣ እንግሊዝና ዌልስ ወደዚያ አንሄድም አሉ፤ ውድድሩም ያለ አሸናፊ ቀረ። ተመልካችም እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻም በ1983 እንግሊዝና ስኮትላንድ ከቀጣዩ ዓመት በኋላ አንቀጥልም ሲሉ አስታወቁ። ሁለቱ ግን እስከ 1989 ድረስ በየዓመቱ እርስ በርስ መጋጠማቸውን አልተዉም። የቀሩት ታናናሾቹ ናቸው።

የስንብቱ ውድድር በ1984 ሲጠናቀቅ ታዲያ ጉድ ታየ። አራቱም ቡድኖች አንድ አሸንፈው፣ በአንድ ተሸንፈው፣ በአንድ አቻ ወጥተው እኩል 3 ነጥብ ያዙ። በመጨረሻው ቀን ግላስጎው ላይ ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ያሸነፈው ዋንጫውን ይወስድ ነበር። 1 ለ 1 ተለያዩ። በዚያ ቀን ኳስ ያልነካችው ሰሜን አየርላንድ በአንዲት የግብ ክፍያ ብልጫ ሻምፒዮን ሆነች። ተከታይ ውድድር ስለሌለም ዋንጫውን የሚጠይቃት አልመጣም።

በ1882 ደንቡን ለማውጣት አራቱም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ነበር። ውድድሩን ለመዝጋት ግን የሁለቱ ቃል በቃ። የመቶ ዓመቱ ጉርብትና የላላው እዚህ ላይ ይመስለኛል።