ኮሶ፦ የመርካቶ መራራ መድኃኒት

የኮሶ ትል እጭ በከብት ጡንቻ ውስጥ እንደ ትንሽ ፊኛ ተሸሽጎ ይቆያል። ሥጋው በጥሬው ሲበላ በሰው አንጀት ያድጋል፤ ርዝመቱም በርካታ ሜትር ይደርሳል።

ለዘመናት ፈውሱ ኮሶ የተባለው የደጋ ዛፍ አበባ ነበር። በተለይ የሴቴዋ ዛፍ ቀላ ያለ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦና በውኃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር የቆየው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ስለ ልማዱ ጽፏል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ አበባው ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ገባ።

አበባው በአዲስ አበባም ገበያ አለው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የአገሬው ገበያ ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ ተዛወረ፤ መርካቶም ተወለደ። ደረቁ አበባ ዛሬም እዚያ ከባህል መድኃኒት ሻጮች ይገኛል።

መጠኑ ሲበዛ ግን ኮሶ ይመርዛል፤ ዓይንንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች አሁን እንደ ፕራዚኳንቴል ያሉ ክኒኖችን ያዛሉ፤ በቄራ ደግሞ የሥጋ መርማሪዎች እጩን በከብቱ ምላስ፣ መንጋጋና ልብ ይፈልጋሉ።