የትከሻ ጅማት ጉዳት እና ሕክምናው

የትከሻ መገጣጠሚያ ከሰውነት መገጣጠሚያዎች ሁሉ ሰፊ የእንቅስቃሴ አቅም ያለው ነው። ክንድን የሚያነሱና የሚያዞሩ አራት ጡንቻዎች የክንድን አጥንት ጫፍ ዙሪያውን ይዘውት የሚገኙ ሲሆን፣ ጡንቻዎቹን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙት ጅማቶች ናቸው። የትከሻ ጅማት ጉዳት የሚባለው የእነዚህ ጅማቶች መቆጣት፣ መሳሳት ወይም መበጠስ ነው።

ጉዳቱ ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ እየበዛ ይሄዳል። ጣሪያ በመቀባት፣ ግድግዳ በመለሰን ወይም ሸክም በማንሳት ሥራ ላይ የተሰማሩ ዜጎች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። ማጨስም ጅማትን ያዳክማል።

ዋነኛ ምልክቶቹ ክንድን ከትከሻ በላይ ሲያነሱ የሚሰማ ሕመም፣ በተጎዳው ጎን ሲተኙ እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም እና የክንድ መድከም ናቸው። ፀጉር ማበጠር ወይም ነጠላ ትከሻ ላይ ማድረግ እንኳ ሊያስቸግር ይችላል። ሕመሙ ከደረት መጨምደድ፣ ከላብ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ግን የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

አብዛኛው የትከሻ ጅማት ጉዳት ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላል። ሕመሙን የሚቀሰቅሰውን ሥራ ለጊዜው መቀነስ፣ በባለሙያ የታዘዘ ማስታገሻ መውሰድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴን ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሳያቋርጡ መሥራት ዋናው ሕክምና ነው። ብዙዎች ሕመሙ ጋብ ሲል ያቆማሉ፤ በዚህ ምክንያትም ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ክንድን ለረጅም ጊዜ አስሮ ማቆየትም መገጣጠሚያውን ስለሚያደርቀው አይመከርም። የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው እና ነፍሰ ጡር እናቶች እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ የለባቸውም።

ጊዜ የማይሰጠው በመውደቅ ወይም ከባድ ዕቃ በማንሳት በድንገት የሚደርሰው መበጠስ ነው። ሌላ ሰው ሲያነሳው የሚነሳ፣ በራስ ኃይል ግን አልነሳ ያለ ክንድ ጅማቱ ስለመበጠሱ ጠንካራ ምልክት ነው። በዚህ ጊዜ «ወለምታ ነው» በሚል በወጌሻ ማሳሸት ጉዳቱን ሊያባብስና ውድ ጊዜን ሊያሳጣ ይችላል። ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትን ስለማያሳይ፣ «ራጁ ደህና ነው» መባሉም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ጅማቱ የሚታየው በአልትራሳውንድ ወይም በኤም.አር.አይ ነው። የተበጠሰ ጅማት ወራት ሲያልፉት እየተሰበሰበ፣ ጡንቻውም እየመነመነ በስብ ስለሚተካ መስፋቱ አስቸጋሪ ይሆናል። ስለሆነም ታካሚው በቀናት ውስጥ መመርመር ይገባዋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ክንዱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በማንጠልጠያ ይቆያል፤ ወደ ከባድ ሥራ ለመመለስም ወራት ይወስዳል።

አገልግሎቱን የሚፈልጉ ዜጎች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሄደው መመርመር፣ ካስፈለገም የሪፈራል ወረቀት መቀበል ይኖርባቸዋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ መታወቂያቸውን መያዝ አለባቸው፤ ያለ ሪፈራል በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ለተጨማሪ ወጪ ሊዳርግ ይችላል። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕክምና ወጪውን የመሸፈን ግዴታ የአሠሪው ስለሆነ፣ ሠራተኛው አደጋውን ወዲያውኑ ለአሠሪው ማሳወቅና የሕክምና ማስረጃዎቹን መያዝ ይጠበቅበታል።