ምክንያታዊነት፣ ግለኝነትና የጎብዬ ማሳ፦ የመሳይ ከበደ ትችት ለወንጌላውያን ምን ይላል?

መግቢያ

የዘመናዊውን ኅብረተሰብ ትችት ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ከአውሮፓ መጻሕፍት ነው። የነገረ መለኮት ተማሪ ስለ አእምሮ ወሰን ሲጽፍ ካንትን፣ ስለ ዘመናዊው ሰው ባዶነት ሲጽፍ ኒቼን ይጠቅሳል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ጥያቄው የእኛም መሆኑን፣ ከእኛም መካከል የተጋፈጡት ሰዎች መኖራቸውን ያስረሳናል። ከእነዚህ አንዱ ፕሮፌሰር መሳይ ከበደ ናቸው። መሳይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና አስተምረዋል፤ ከዚያም በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት በሚገኘው የዴይተን ዩኒቨርሲቲ ረጅም ዘመን አገልግለዋል። በመጻሕፍታቸውና ለሕዝብ በሚያቀርቧቸው ጽሑፎች ኢትዮጵያ ዘመናዊነትን የተቀበለችበትን መንገድ አጥብቀው ተችተዋል።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እጋብዝዎታለሁ። በመጀመሪያ ትችቱን በጥሞና ይስሙ። ቀጥሎም ከመማሪያ ክፍል አውጥተው ወደ ጎብዬ ይውሰዱትና ይፈትኑት። ጎብዬ በሰሜን ወሎ፣ በራያ ቆቦ ወረዳ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። እዚያ የምንሄደው አካባቢው ከዘመን የራቀ ስለ ሆነ አይደለም። ትችቱ የሚነካቸው ነገሮች ሁሉ፣ የመንግሥት ዕቅድ፣ የተማረው ሰው እውቀትና የዘመድ ማሰሪያ፣ በዚያ ቆላ ላይ በግልጽ ስላለፉ ነው።

መሳይ ምን አሉ?

የመሳይን ሐሳብ በሦስት ነጥብ ማጠቃለል ይቻላል። የመጀመሪያው ስለ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት፣ ከ1960 እስከ 1974 የነበረውን የኢትዮጵያ ተማሪዎች አክራሪነት በሚመረምረው መጽሐፋቸው፣ ዘመናዊው ትምህርት ወጣቱን ከባህሉ ነቅሎታል ይላሉ። ተማሪው የምዕራቡን ታሪክና አስተሳሰብ ተማረ፤ የገዛ አገሩ ታሪክ፣ እምነትና ሥነ ጽሑፍ ግን በትምህርቱ ውስጥ ተገቢ ስፍራ አላገኙም። ስለዚህ አገሩን በባዕድ ዓይን ማየት ጀመረ። ማርክሲዝም ሌኒኒዝም የገባው በዚያ ባዶ ስፍራ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ የወጣው ትውልድ የጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛ ነበር፤ መልሱን ግን ሙሉ በሙሉ ከውጭ የመጣ ርዕዮተ ዓለም ሰጠው። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ያ ትውልድ እርስ በርሱ ተፋጀ፤ በቀይ ሽብርም አለቀ።

ሁለተኛው ስለ ምክንያታዊነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው፣ ስለ አፍሪካ ፍልስፍና በሚናገረው መጽሐፋቸው መሳይ ምክንያታዊነትን የምዕራቡ ብቸኛ ንብረት አድርጎ ማየትን ይቃወማሉ። በአንድ በኩል ምክንያት፣ በሌላ በኩል እምነትና ተረት ተለያይተው የቆሙ አይደሉም። ዘመናዊ የሚባለውም ኅብረተሰብ ቢሆን ከማስረጃ በፊት የሚያምነው ነገር አለው። ሦስተኛው ስለ ዘመናዊነት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሥራቸው ኢትዮጵያ ለዘመናት ነጻነቷን ጠብቃ የኖረችበትን ኃይል ይመረምራሉ፤ ሰው ከፍታንና ዝቅታን እንደሚዞር ጎማ የሚያይበትን የ«ዕድል» አሳብም ይተነትናሉ። መዘመን ማለት የራስን ጥሎ የሌላውን መልበስ አይደለም የሚለው የመጽሐፉ ዋና መልእክት ነው።

እነዚህን አሳቦች የማይቀበሉ አሉ። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ ባሳተሙት መጽሐፍ ንቅናቄውን በዚያ ዘመን ዓለምን ካናወጠው የወጣቶች እንቅስቃሴ ጋር አያይዘው ያቀርቡታል። መነቀል ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። ይህን ልብ ብለን ወደ ራያ ቆላ እንውረድ።

ረሃቡን ማን አየው? ማንስ ዐቀደ?

በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ተመታ። የተራበው ሰው ወደ አውራ ጎዳናው ወጥቶ መኪና እያስቆመ ለመነ። መንግሥት ነገሩን ሸፈነ። ያን መጋረጃ ከቀደዱት መካከል የተነቀሉ ተብለው የሚወቀሱት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነበሩ፤ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያመጡት ፎቶግራፍ በዩኒቨርሲቲው ታየ፤ ተማሪዎችም ጮኹ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም ለዓለም ገለጠው። እንግዲህ ይህ የመሳይ ትችት መጀመሪያ የሚፈተንበት ስፍራ ነው። አሮጌው ሥርዓት ታሪክና ሃይማኖት ነበረው፤ በራሱ ባህል ላይ የቆመ ነበር፤ ሆኖም የራሱን ሕዝብ ረሃብ ደበቀ። የሚጠይቅ፣ የሚቆጥር፣ ማስረጃ የሚያቀርብ አእምሮ በዚያ ቀን ለድኻው ጠበቃ ሆነ። ስለዚህ ምክንያታዊነትን በጅምላ የሚያወግዝ ስብከት በራያ የተቀበሩትን ያሳዝናል።

ከ12 ዓመት በኋላ ግን ያው ምድር ሌላውን ገጽታ አየ። በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ተመልሶ ሲመጣ ደርግ ሰፈራን መፍትሔ አድርጎ አወጀ። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜንና ከመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ፤ ትልቁ ቁጥር የወሎ ሰው ነበር። በወረቀት ላይ ዕቅዱ ምክንያታዊ ነበር፦ መሬቱ ከደከመበትና ዝናብ ከጠፋበት ስፍራ ሰውን አንሥቶ ለምለም ወደ ሆነው ማስፈር። ነገር ግን ብዙዎች ያለ ፈቃዳቸው ተጫኑ፤ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ ተለያዩ፤ በማያውቁት ቆላ በበሽታ የሞቱት ብዙ ናቸው። ዕቅዱ ሰውን የቈጠረው በራስ ብቻ ነበር፤ የማን ልጅ፣ የማን ጎረቤት፣ የየትኛው ቅሬ አባል እንደ ሆነ አልጠየቀም። የመሳይ ትችት እዚህ ላይ ሙሉ ኃይሉን ያገኛል።

በዘፍጥረት 2 አዳም ለእንስሳት ስም ሲያወጣ አእምሮ ስጦታ ነው፤ ያስተውላል፤ ይለያል፤ በእግዚአብሔር ፊት ይሠራል። በዘፍጥረት 11 የባቢሎን ሰዎች ጡብ ሲተኩሱ ያው አእምሮ ይሠራል፤ ነገር ግን ለራሱ ስም ነው። ልዩነቱ በማሰብና ባለማሰብ መካከል ሳይሆን ሐሳቡ ለማን እንደሚገዛ ነው።

ጎርፍና ዘር

ይህን በማሳው ላይም ማየት ይቻላል። የራያ ገበሬ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ማጠጣት ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ጎርፉ በድንገት ይመጣል፤ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል። አንድ ሰው ብቻውን ሊጠልፈው አይችልም፤ የላይኛውና የታችኛው ባለ ማሳ ተስማምተው፣ ቦዩን አብረው ጠርገው መጠበቅ አለባቸው። በራያ ሸለቆ በኋላ በኮንክሪት ከተሠሩት የጎርፍ መጥለፊያዎች አንዳንዶቹ በደለል ተሞልተው ከአገልግሎት ውጭ ሆነዋል። ጎርፉ ምን ያህል አፈርና ድንጋይ ይዞ እንደሚወርድ የሚያውቀው ገበሬ ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ከጥፋቱ የተወሰነው በቀረ ነበር።

ሌላም አለ። የማሽላ ማሳ ትልቁ ጠላት አቀንጭራ ነው፤ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ሕይወቱን ይመጠዋል። ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ማዳቀል ሊቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለዓመታት ሠርተው አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች አወጡ፤ ለዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በኢትዮጵያ ከተለቀቁት ከእነዚህ ዝርያዎች አንዱ ስሙ «ጎብዬ» ነው። ከተማችን ስሟን ከቤተ ሙከራ ከወጣ ዘር ጋር ትጋራለች። ገቢሳ ከገጠር ወጥተው በምዕራቡ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ትምህርታቸው ግን ከገበሬው ጥያቄ አልለያቸውም። እንግዲህ መማር ሁሉ መነቀል አይደለም። የሚነቅለው የድኻውን ጥያቄ የማይሰማ ትምህርት ነው።

ዘመድና ደም

አሁን ወደ ግለኝነት እንምጣ። በተለምዶ «ግለኝነት የፈረንጅ ነው፤ እኛ የማኅበር ሰዎች ነን» እንላለን። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራ ባህል ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለ መጽሐፉ ተቃራኒውን ጽፏል፦ ባህላዊው የአማራ ገበሬ ራሱ ግለኛ ነው፤ ለርስቱ ይሟገታል፤ ከቤተሰቡ ውጭ ለጋራ ሥራ አይቸኩልም። በፍርዱ ባንስማማ እንኳ ችግሩ ሁሉ በመርከብ የመጣ እንዳልሆነ ያስታውሰናል።

ራያ ደግሞ የማኅበርን ኃይል በሁለት ፊቱ ያሳያል። በወሎ ቅሬ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት አብሮ የሚቀብርበት ማኅበር ነው። በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባለው የሽማግሌዎች ሥርዓት ደም የተቃቡትን ወገኖች ፊት ለፊት አቁሞ ያስታርቃል፤ ካሳ ያስከፍላል፤ ቂሙ ወደ ልጅ ልጅ እንዳያልፍ ይዘጋል። ከዚህ የሚማር ብዙ ነገር አለ፤ ንስሓ በልብ ብቻ የሚያልቅ ሳይሆን ለተበደለው ፊት የሚቀርብ፣ ዋጋ የሚከፈልበት መሆኑን ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ።

ነገር ግን ማስታረቂያው ያስፈለገው ለምንድን ነው? ያው የዘመድ ማሰሪያ ስለሚገድልም ነው። ደም ሲመለስ የሚሞተው ገዳዩ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ በእርሱ ፋንታ ይወድቃል። ደም ያልመለሰ ሰው በገዛ ወገኑ ይሰደባል። ግለኝነትን ስንተች ይህን ከዘነጋን ማኅበርን ጣዖት እናደርጋለን። በዘኍልቍ 35 የመማፀኛ ከተሞች የቆሙት፣ ሳያስብ የገደለው በደም ተበቃዩ እጅ ያለ ፍርድ እንዳይሞት ነው። ሕዝቅኤል 18 ልጅ በአባቱ ኃጢአት እንደማይጠየቅ ሲያስተምር እያንዳንዱን ሰው በእግዚአብሔር ፊት ያቆማል። በቋንቋችን ሁለቱን እንለያቸው፦ ግለሰብነት በእግዚአብሔር ፊት በስም መጠራት ነው፤ ግለኝነት ግን ከሰው ሁሉ ተለይቶ ለራስ መኖር ነው። የመጀመሪያው የራያን ወጣት ከደም ዕዳ ነጻ ያወጣዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ጎርፉ በመጣ ቀን ብቻውን ይተወዋል።

የእኛ የወንጌላውያን ድርሻ

ይህ ጉዳይ በቀጥታ ይመለከተናል። «ኢየሱስ የግል አዳኝዎ ነውን?» ብለን እንጠይቃለን፤ ጥያቄው እውነተኛ ነው። ሆኖም በገጠር ከተማ ይህን ጥያቄ በአዎንታ የመለሰ ሰው ብዙ ጊዜ ከቅሬው ይወጣል፤ በአንዳንድ ስፍራም የቀብር ቦታ እስከ መከልከል ይደርሳል። በግል እንዲወስን ጋበዝነው፤ ከወሰነ በኋላ ግን በእሑድ ጉባኤ ብቻ ካገኘነው፣ ሳናስበው የነቀልነው እኛ ነን። መሳይ ስለ ዩኒቨርሲቲው የተናገሩት ስለ ደቀ መዝሙር ትምህርታችንም ሊነገር ይችላል።

አባቶቻችን ይህን አይተውታል። በግንቦት 1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ወቅት፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ ወንጌልን መስበክና የሰው ልጅ ልማት ሊነጣጠሉ እንደማይገባ አስታወቀች። የምዕራብ ለጋሾች ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቤት ይሰጡ፣ ለስብከት ግን ይሳሱ ነበር። ሰውን በነፍስና በሥጋ ከፍለው ያዩትን መልሱ ሰው አንድ ነው አላቸው። ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። የዘመናዊውን አከፋፈል የተቹት አሮጌውን ሥርዓት ለመመለስ አልነበረም፤ ሙሉውን ሰው ለክርስቶስ ለማቅረብ ነው።

ማጠቃለያ

የመሳይ ከበደ ትችት በጎብዬ ማሳ ላይ ተፈትኖ በከፊል ይጸናል፤ በከፊልም ይታረማል። ሥር የሌለው ምክንያታዊነት ሰውን በጭነት መኪና ያሰፍራል፤ ለባልንጀራ የተገዛ ምክንያታዊነት ግን ረሃብን ይገልጣል፣ አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር ያወጣል። ማኅበር ይቀብራል፣ ያስታርቃል፤ ግን ደም ይመልሳል። በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ላይ የምናገኘው አካል ከሁለቱም ይለያል፤ ብልቱ በስሙ ይታወቃል፣ ብቻውን ግን አይኖርም።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ እርስዎ መጋቢ ወይም መምህር ከሆኑ፣ በሚቀጥለው የጥምቀት ትምህርት ከአስተምህሮ ጥያቄዎች ጋር እነዚህንም ይጨምሩ፦ ይህ ሰው ሲታመም ማን ያስታምመዋል? ሲሞት ማን ይቀብረዋል? በእርሻ ወቅት ከማን ጋር ያርሳል? ወገኑ ደም እንዲመልስ ቢጠይቀው ከጎኑ የሚቆመው ማን ነው? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከጉባኤው የአንድ ሰው ስም እስኪገኝ ድረስ ትምህርቱ አላለቀም።