ከበቅሎ ውርርድ እስከ 60 ቀን

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላል ያገራችን ሰው። በቅሎዋ ዝም ብላ የመጣች አይደለችም። በድሮው ሙግት ባለጉዳይ ዋስ ይጠራል፤ «እኔ እረታለሁ» ብሎም ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ይወራረዳል። መሟገት ዋስና ሀብት የሚጠይቅ ነገር የሆነው ዛሬ አይደለም።

የዛሬው «የወጪና ኪሳራ ዋስትና» ግን የመጣልን በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 የእንግሊዙ ዳኛ ቦወን «ኮዌል እና ቴይለር» በሚባለው ክርክር ላይ አንድ መስመር አሰመሩ። ድህነት ክስ ከመመሥረት አያግድም፤ ይግባኝ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ምክንያቱም ይግባኝ ባዩ አንድ ጊዜ ተሰምቷል፤ ኪሳራ መክፈል ሳይችል ባላጋራውን ከችሎት ችሎት ሊጎትት አይገባም።

ይህ አስተሳሰብ በ1908 እ.ኤ.አ. የሕንድ የሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥም ገባ። የእኛው የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ከሕንዱ ብዙ ወስዷል። በአንቀጽ 200 መሠረት ከሳሽ ከኢትዮጵያ ውጭ የሚኖር ከሆነና እዚህ በቂ የማይንቀሳቀስ ንብረት ከሌለው፣ ፍርድ ቤቱ ዋስትና ሊጠይቀው ይችላል። ክርክር የተነሳበት ንብረት ራሱ አይቆጠርም። ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም እንዲሁ ዋስትና መጠየቅ ይችላል።

በዚህ ላይ ጊዜው አለ። ይግባኝ ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ያለፈበት ሰው፣ ያገደው ምክንያት በተወገደ በ10 ቀን ውስጥ የማስፈቀጃ አቤቱታ ያቀርባል። የወኪል ወይም የጠበቃ ጥፋት ግን እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም።

አሁን ሁለቱን አንድ ላይ እንያቸው። ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን በአባቷ ቤት ውርስ ተሟግታ ተረታች እንበል። ያላት ንብረት ያው ቤት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አይቆጠርም። ስለዚህ ዋስትና ልትጠየቅ ትችላለች። በአካል መቅረብ ስለማትችል ያላት አማራጭ ወኪል ነው። ወኪሉ ተዘናግቶ በ61ኛው ቀን ቢመጣ ጥፋቱ የእሷ ይሆናል። ርቀቷ ወኪል አስያዛት፤ ሕጉ ደግሞ ወኪሏን ሰበብ ማድረግ ከለከላት።

«የረታስ ሰው መቼ ይረፍ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ቀጠሮ የሌለው ሙግት የረታንም ያደኸያል። ጊዜ ይገደብ፣ ዋስትናም ይኑር። ግን ሕጉን ያዋሰችን ሕንድ ራሷ ቆም ብላ አስባለች። እ.ኤ.አ. በ1981 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ «ራፊቅ እና ሙንሺላል» በተባለው ጉዳይ፣ ጠበቃው ባለመቅረቡ የተዘጋ ይግባኝ እንደገና እንዲሰማ አዘዘ። በጠበቃ ጥፋት ንጹሑ ባለጉዳይ መቀጣት የለበትም ነው ያለው።

እኛስ? ከ1958 ወዲህ ስንቱ ሰው ባሕር ተሻገረ! የወኪል ጥፋት ሁሉ ይቅር ይባል አልልም። ባለጉዳዩ በጊዜ ተከታትሎ፣ ጠይቆ፣ ወኪሉ ዋሽቶት እንደሆነ ግን ዳኛው እንዲያየው ሕጉ ቀዳዳ ይተውለት። እስከዚያው ውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ «ጠበቃው ይዞታል» ብላችሁ አትተኙ። ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ፤ ቀኑን ራሳችሁ ቁጠሩ።

በቅሎዋ በፍርድ ትሂድ። በ61ኛው ቀን የምትሄደው ግን ጭብጦዋ ናት።