የሥራ ሰዓት ወሰንና ሠራተኛው ተማሪ

በናዝሬት (አዳማ) አጠገብ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ተከፈተ። የተቈረጠ ሸንኮራ ሳያድር መፈጨት ስላለበት ማሽኑ ሌሊትም ይሠራ ነበር፤ ሰው ግን ማረፍ አለበትና በፈረቃ ገባ። በ1956 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ሠራተኞች በማኅበር ሆነው ከአሠሪው ጋር እንዲደራደሩ ፈቀደ። የ1985ቱ አዋጅ ቁጥር 42 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156ም ይህንኑ አጸና። ዕድሜው 18 ላልሞላ ወጣት ሠራተኛ ግን ወሰኑ በቀን 7 ሰዓት ነው፤ የሌሊት ሥራም ክልክል ነው።

እንግዲህ ሕጉ የሚመለከተው ዕድሜን ነው እንጂ ተማሪነትን አይደለም። በአዳማ ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር የ20 ዓመት ወጣት በሕግ ፊት እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ነው፤ የትምህርቱ ሰዓት ከ48ቱ አይቈጠርለትም። ለእርሱ ክፍሉ ሁለተኛ ፈረቃ ነው። የዚህ ፈረቃ ወሰን ግን ገና አልተጻፈም።