ባዶው ወርክሾፕ

ባለፈው ዓመት ማለቂያ ላይ፣ የተማርኩበትን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስፋፋት ገንዘብ የሚያሰባስቡ የቀድሞ ተማሪዎች የአንድ ሕንፃ ፕላን ላኩልኝ። ስምንት የመማሪያ ክፍሎች ያሉት ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነው። ደስ አለኝ፤ አዋጣለሁም አልኩ። ፕላኑን ዳግመኛ ስመለከተው ግን አዲሱ ሕንፃ የሚያርፈው የእንጨትና የብረታ ብረት ወርክሾፑ በቆመበት ሥፍራ ላይ መሆኑን አስተዋልኩ። ደውዬ ብጠይቅ «እሱ እኮ የተሰባበረ ዴስክ ማከማቻ ከሆነ ስንት ዘመኑ!» አሉኝ። አልተሳሳቱም። እኔ በተማርኩበት ጊዜም በሩ ተቆልፎ፣ በመስኮቱ ስንጥቅ አጮልቀን የምናያቸው ማሽኖች አቧራ ለብሰው ነበር።

ለመሆኑ አንድ ወርክሾፕ እንዴት የዴስክ ማከማቻ ይሆናል? ጥያቄው የአንድ ግቢ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ስከታተለው ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀ የትምህርት ፖለቲካችን ታሪክ ሆኖ አገኘሁት።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ያህል፣ ከዘመናዊው ትምህርት በፊት የነበረው የአብነት ትምህርት ቤት ይህ ነው የሚባል ሕንፃ አልነበረውም። ሆኖም ሥፍራውና ትምህርቱ የተስማሙ ነበሩ። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ብቻውን ገለል ብሎ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላልና የሚያሻው ጸጥታና ሜዳ ነው፤ ማደሪያውም ራሱ የሚቀልሳት ጎጆ ናት። (ድህነቱን ማሞካሸቴ አይደለም፤ ረኃቡንና ቁንጫውን የቀመሱት ያውቁታል።) በ1917 ዓ.ም. እንደተከፈተው እንደ ተፈሪ መኮንን ያሉት ቀደምት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከምንም በላይ ይፈለጉ የነበሩት ለመንግሥት ቋንቋ አዋቂና ጸሐፊ እንዲያፈሩ ነበር። ለዚህ ዓላማ ጥቁር ሰሌዳ፣ አግዳሚ ወንበርና ፊቱን ወደ መምህሩ ያዞረ ተማሪ በቂ ነው። ክፍሉ ለትምህርቱ ልኩ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ደጋግሞ ሲለወጥ ያ ክፍል ግን እንዳለ ኖረ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ እኔ ግምት፣ ከዚህ ልማድ የወጣን ይመስለኛል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ) «ኮምፕረሄንሲቭ» የሚል ስያሜ ያላቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተስፋፉ። ሐሳቡ የቀለሙን ትምህርትና ሙያን በአንድ ግቢ ማስተማር ነበር፤ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ፣ የንግድ ሥራ፣ ባልትና። እንዲህ ያለው ፕሮግራም በተራ ክፍል አይካሄድም። ሳንቃና ላሜራ የሚያስገባ ሰፊ በር፣ ማሽን የሚታሰርበት ጠንካራ ወለል፣ የጽሕፈት መኪና የሚደረደርበት ጠረጴዛ፣ ውኃና ምድጃ ያለው የባልትና ክፍል ይጠይቃል። ስለዚህ የሕንፃ ነዳፊው እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት «እዚህ ምን ይማሩበታል?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። የእኛም ወርክሾፕ የዚያ ጥያቄ ልጅ ነው።

በዚያው ዘመን ስለ ሕንፃ የሚያስብ ባለሙያም በአገር ውስጥ መፍራት ጀምሮ ነበር። ልደታ የሚገኘው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዐሥር ዓመታት ያህል በኋላ በስዊድን እርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚሠራ ክፍል ተቋቁሞ፣ ሕዝቡም ከወጪው ድርሻውን እያዋጣ፣ በየገጠሩ በሺህ የሚቆጠሩ የመማሪያ ክፍሎች ቆሙ። ታላቅ ሥራ ነበር። መብራት በሌለበት አገር የሚቆም ክፍል ብርሃኑን የሚያገኘው ከመስኮት ነውና፣ መስኮት የማይሰሰትበት ክፍል የዘመኑ ጥሩ ክፍል ነበር። ይህን መስኮት አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ፖለቲካው ግን በሌላ በኩል መጣ። በ1964 ዓ.ም. የተጠናው የትምህርት ዘርፍ ክለሳ፣ ለብዙኃኑ ልጆች የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥ የሚል ሐሳብ አቀረበ። መምህራኑና ወላጆች የደሀ ልጅ ከእርሻ እንዳይወጣ የታሰበ ነው ብለው ተረጎሙት። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ደርግ «ትምህርት ለምርት፣ ለሳይንሳዊ ምርምርና ለፖለቲካ ንቃት» እያለ ፖሊ ቴክኒክን ሲሰብክ ወርክሾፖቹ የነፍስ መዝሪያ አገኙ ለማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የተማሪው ቁጥር ከክፍሎቹ በላይ እያደገ፣ ፈረቃው ጠዋትና ከሰዓት እየሆነ ሄደ።

የወርክሾፑን በር የቆለፈው የ1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1994) የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። የቀድሞው ስድስት-ሁለት-አራት አደረጃጀት ወደ ስምንት-ሁለት-ሁለት ተለወጠ። ሙያ ከ10ኛ ክፍል በኋላ በሌላ ግቢ የሚሰጥ ሆነ። የራሱ አመክንዮ ነበረው፤ አልክደውም። ነገር ግን በወረቀት ላይ አንድ ቀስት ሲዞር በመሬት ላይ ስንት ግድግዳ ባለቤት እንደሚያጣ ያሰላ ያለ አይመስለኝም። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ወደ አንደኛ ደረጃ ሲገቡ ቤተ ሙከራ ወደሌለበት ግቢ ገቡ፤ ሁለተኛ ደረጃው ደግሞ ሙያ ሲወጣለት ወርክሾፕ ተረፈው። «ኮምፕረሄንሲቭ» የሚለው ቃል ግን በበርካታ ትምህርት ቤቶች በር ላይ እስከ ቅርብ ጊዜ ተጽፎ ነበር። የእኛም በር ላይ ነበር፤ ትርጉሙን የነገረን መምህር ግን አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ የቆጠራ ዘመን ሆነ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ላይ 3 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በሃያ ዓመት ውስጥ ከ18 ሚሊዮን አለፈ። ይህን ማቃለል ግፍ ነው፤ ከዚያ ቀደም በር ያልተከፈተላቸው ሚሊዮኖች ገብተውበታል። ነገር ግን ሪፖርቱ የሚጠይቀው «ስንት ክፍል ተሠራ?» ነበር። መለኪያው በአንደኛ ደረጃ 50 ተማሪ፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ለአንድ ክፍል የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ላይ ወርክሾፕ አይመዘንም፤ ቤተ መጻሕፍትም እምብዛም። በቁጥር የማይገባ ክፍል ደግሞ ተማሪ ሲበዛ ቀድሞ የሚሠዋ ነው።

በመሀል ፕላዝማ መጣ። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በመላ አገሪቱ ከ400 በላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በሳተላይት የሚተላለፍ፣ በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ የእንግሊዝኛ ትምህርት በግዙፍ ስክሪን መታየት ጀመረ። ስለ ቋንቋውና መምህሩ ቆሞ ተመልካች ስለመሆኑ ብዙ ተጽፏል። ስለ ክፍሉ ግን የተጻፈ ብዙም አላጋጠመኝም። ለብርሃን የተሠራው ያ ደግ መስኮት እዚህ ላይ ጠላት ሆነ፤ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ታርፋለች፣ መጋረጃ የለም፣ ካርቶን ይለጠፋል፣ ካርቶን ሲለጠፍ ደብተሩ አይታይም። ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ በብረት ሣጥን ውስጥ ያለውን ስዕል ከፊቱ ባሉት ጭንቅላቶች መካከል ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋማ ስርጭቱ አይጠብቅ፤ ክፍለ ጊዜው አለፈ ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ «አንድ ለአምስት» ተባለ። ተማሪው በቡድን ፊት ለፊት ተያይቶ ይወያይ ሲባል፣ የተቀመጠው ወደ ሰሌዳው ብቻ በሚያዞር፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ዴስክ ላይ ነው! አምስተኛው ቆሞ፣ ወይም የፊተኛው አንገቱን ጠምዝዞ ይወያይ። (ዓላማው ውይይት ብቻ እንዳልነበረ ለማንም ግልጽ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን።)

አሁን ወደ ስልኬ ልመለስ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ስድስት-ሁለት-አራትን መልሶ አምጥቷል። ሥርዓተ ትምህርቱም የሙያ ትምህርትን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አስገብቷል። ሠላሳ ዓመት ዞረን በሩን ወደ ቆለፍንበት ወርክሾፕ ተመልሰናል ማለት ነው። ይህንኑ ጊዜ ደግሞ በጦርነቱ የፈረሱት እየተጠገኑ፣ «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ንቅናቄ ሕዝቡ እንደ አያቶቹ ገንዘብና ጉልበት እያዋጣ ነው። ገንዘብ የተገኘበት፣ ሲሚንቶ የሚቦካበት ሰዓት ነው። የሚቦካው ግን ለየትኛው ትምህርት ነው? የእኛ ፕላን መልሱን ይዟል፤ ስምንት ክፍል፣ ስምንት ሰሌዳ፣ በአዲሱ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን የሙያ ትምህርት የሚያስተምሩበት አንዲት ጥግ የለችም።

ለአሰባሳቢዎቹ ጻፍኩላቸው። ሕንፃው ወደ ሜዳው ጥግ ሃያ እርምጃ ይሽሽ፣ የወርክሾፑ ጣሪያ ይቀየር፣ ግድግዳውና ወለሉ ጤነኛ ነው አልኩ። ድርሻዬንም ሳልቀንስ ላክሁ፤ በአንድ ዴስክ አራት ሆነው የሚማሩትን ልጆች በእኔ ሙግት ማስጠበቅ አልፈለግሁምና። ፕላኑን በነፃ የሠራልን መሐንዲስ፣ እሱም የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ነው፣ ትሕትና የተሞላ መልስ ላከልኝ። ማዛወሩ ከባድ እንዳልሆነ፣ ወጪውም ብዙ እንደማይጨምር ገልጾ፣ በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አስከተለ፦ «ወርክሾፑን አድሰን በሩን ብንከፍተው፣ ገብቶ የሚያስተምረው መምህር አለን?»

እስካሁን አልመለስኩለትም።