«የሐበሻ» ዶሮ ከመቼ ወዲህ?

ጥቅምት ሲገባ የእናቴ ጓሮ ጦር ሜዳ ይሆናል። ጭቃ ሆኖ የከረመው መሬት ጠፈፍ ይላል፤ በክረምቱ መጨረሻ የተዘራው ጎመን ቅጠሉን ይዘረጋል፤ ዶሮዎቹ ደግሞ ዝናቡን ተኮራምተው ካሳለፉበት ቆጥ ወርደው የሚጭሩት ለስላሳ አፈር ፍለጋ ይሰማራሉ። ለስላሳ አፈር ያለው ጎመኑ መደብ ላይ ነው። እናቴ መደቡን በእሾህና በአሮጌ አጎበር አጥራዋለች። ዶሮዎቹ አጥሩን በየማለዳው እየዞሩ ይፈትሹታል። አንዲት ቀዳዳ ካገኙ የአንድ ወር ልፋት በአምስት ደቂቃ ውስጥ መና ይቀራል። ከዚያ በኋላ እናቴ የምትለውን እዚህ አልጽፈውም።

ዶሮዎቹ አራት ናቸው። ሦስቱ ነጫጭ «የፈረንጅ» ዶሮዎች ናቸው፤ በካርቶን ይዞ ከሚዞር ልጅ በ45 ቀናቸው የተገዙ። ስም የላቸውም፤ በጅምላ «ነጮቹ» ይባላሉ። አራተኛዋ ገብስማ ናት፤ ስሟም ገብሴ ነው። ገብሴ ስድስት ዓመት ሆኗታል። እንቁላል መጣል ካቆመች ከርማለች። በእነዚህ ዓመታት ስንት ፋሲካ፣ ስንት ገና፣ ስንት እንቁጣጣሽ አልፎ ቢላዋ አልነካትም። ከሰዓት ቡና ሲፈላ መጥታ ከምድጃው አጠገብ ትቀመጣለች፤ ቆሎውን ከእናቴ እጅ ትለቅማለች፤ በረካው ተጠጥቶ እስኪያልቅም አትነሣም።

በዚህ ዓመት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ አንድ ሰውዬ በር አንኳኳ። ገብስማ ዶሮ ይፈልጋል። ለምን እንደሚፈልግ አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅነውም፤ ገብስማ ለይቶ የሚፈልግ ሰው ምክንያቱን ባይጠየቅ ይመርጣል። ገብሴን ገና ሲያያት፣ «ይቺ ናት ንጹሕ የሐበሻ! ምንም ያልተደባለቀባት!» አለ። የጠራው ዋጋ ሦስቱን ነጮች አንድ ላይ የሚገዛ ነበር። እናቴ «የለም ወንድሜ፣ የቤት ሰው ናት» ብላ ሸኘችው።

ሰውዬው ሄደ፣ ቃሉ ግን ጆሮዬ ላይ ቀረ። «ንጹሕ»፣ «ያልተደባለቀ» የሚሉት ቃላት በዚህ ዘመን ለዶሮ ብቻ አይደለም የሚነገሩት። እኔም የታሪክ መጻሕፍት ማገላበጥ ልማዴ ነውና፣ እስቲ የገብሴን የዘር ሐረግ ልቁጠር ብዬ ተነሣሁ።

ሳላድበሰብስ ልናገር፤ ገብሴ መጤ ናት። የዱር ወገኖቿ ዛሬም ድረስ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካዎች ውስጥ ይኖራሉ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት፣ የቤት ዶሮ ለመሆናቸው የተሻለ ማስረጃ ያላቸው እጅግ ጥንታዊ አጥንቶች የተገኙት ታይላንድ ውስጥ መሆኑን ይናገራል፤ ዕድሜያቸው ወደ 3,500 ዓመት ይጠጋል። ምክንያቱም እንደ ተመራማሪዎቹ አሳብ ሩዝ ነው። ሰው እህል ሲያመርት የጫካዋ ዶሮ ፍርፋሪ ፍለጋ ወደ አውድማው ቀረበች፤ ቀርባም ቀረች። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን የምንለው ተረት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ወደ እኛ አገርስ መቼ መጣች? ሔሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በትግራይ መዝብር በሚባል ጥንታዊ የመንደር ፍራሽ ውስጥ የተገኙ የዶሮ አጥንቶችን መርምረዋል። አጥንቶቹ ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። አክሱም ገና መንግሥት ሳይሆን፣ ሐውልቶቹ ሳይቆሙ በፊት ማለት ነው። ያንን ሁሉ ውኃ ያለ ሰው እጅ እንደማትሻገር ግልጽ ነው፤ ዶሮ እንኳን ቀይ ባሕርን፣ የእናቴን አጥር ለመሻገርም ቀዳዳ ትፈልጋለች። አንድ ነጋዴ፣ ወይም የነጋዴ ሚስት፣ በቅርጫት ይዛት መጥታለች።

ይህን ስከታተል ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። ዶሮ አውሮጳ እንደ ገባች ሰዎች ወዲያው ወደ ድስት አልከተቷትም። ከጥንቶቹ አንዳንዶቹ ሙሉ አጥንታቸው፣ ቢላዋ ሳይነካቸው፣ ለብቻቸው ተቀብረው ተገኝተዋል፤ በዕድሜ የገፉም ነበሩባቸው። ዩልዮስ ቄሣር ስለ ብሪታንያ ሲጽፍ፣ የአገሩ ሰዎች ዶሮ መብላት ነውር እንደሆነባቸው፣ ለደስታቸው ሲሉ ብቻ ግን እንደሚያረቡ ይናገራል። ይህን ለእናቴ ስነግራት ምንም አልደነቃት። «ታዲያስ! የምታውቀውን እንዴት ትበላዋለህ?» አለችኝ። ነጮቹን ስም ያላወጣችላቸው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

በእኛ የጽሑፍ ቅርስ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያገኘ ዶሮ አንድ አውቃለሁ። «መጽሐፈ ዶርሆ» በሚባለው፣ በሰሙነ ሕማማት ሐሙስ በሚነበበው የግዕዝ መጽሐፍ ውስጥ ያለው አውራ ዶሮ ነው። ታርዶና ተሠርቶ ለጌታ ማዕድ ይቀርባል፤ ጌታ ሲነካው ነፍስ ዘርቶ ይነሣል፤ ይሁዳን ተከትሎ የሚያደርገውን እንዲያይ ይላካል፤ ተመልሶም ያየውን በሰው አንደበት ይመሰክራል። መጽሐፉ ራሱ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው ተብሎ ይገመታል። ልጅ ሆኜ ይህን ታሪክ በሰማሁበት የፋሲካ ሰሞን፣ ድስት ውስጥ ያለው ዶሮ እንዳይናገርብኝ ፈርቼ ፈረሰኛውን ትቼ እንቁላሉን ብቻ የበላሁ መሆኔን አስታውሳለሁ።

በዚያ ማዕድ ላይ የቀረበውን ዶሮ ግን ቀይ ወጥ አድርጋችሁ እንዳታስቡት። በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው። ኮሎምበስ በ1492 (እ.ኤ.አ.) ወዲያኛው ዳርቻ እስኪደርስ ድረስ ከዚያ አህጉር ውጪ በርበሬ የቀመሰ ሰው አልነበረም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ያረፉት ከዚያ 24 ዓመት ቀደም ብለው ነው። ስለዚህ እሳቸውም ሆኑ ከእሳቸው በፊት የነገሡት ላሊበላ ቀይ ዶሮ ወጥ ሳይቀምሱ ነው ያለፉት። ዛሬ አንዲት ባለሙያ 12ቱን ብልት አውጥታ፣ ሽንኩርቱን አቁላልታ፣ ድስቱን ስትከድን እናት አያቶቿ ከጥንት ጀምሮ የሠሩትን የምትሠራ ይመስላታል። አልተሳሳተችም፤ ግን ድስቱ ውስጥ የእስያ ወፍ፣ የአሜሪካ በርበሬና የከፋ ጫካ ኮረሪማ ተገናኝተዋል።

እንግዲህ ከዶሮዎቹ ወደ መደቡ ልመለስ፤ ጓሮውን በዚህ ዓይን ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ከግድግዳው ሥር ያለው ድንች፣ ዊልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1858 (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን ያስገባው ተክል ወገን ነው፤ ሺምፐር ትግራይ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ኖሮ እዚሁ የሞተ ሰው ነው። በቆሎው የአሜሪካ ነው። አንዳንድ አካባቢ ሽማግሌዎች «የባሕር ማሽላ» ሲሉት ትሰማላችሁ። አጥሩ የቆመበት እንጨት ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ወገን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ያዳናት። «የባሕር» የሚለው ቃል እንደ ጉምሩክ ማኅተም ነው፤ ከየት እንደገባ ይናገራል። ድንችና በርበሬ ግን ማኅተማቸው ተፍቆ ጠፍቷል።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ፣ ቢያንስ ጎመኑ የእኛው ነው ብዬ ተጽናናሁ። በእርግጥም ነው፤ «የሐበሻ ጎመን» የምንለው ከደጋው ምድራችን የበቀለ፣ በእንግሊዝኛም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ ተክል ነው። ነገር ግን በ1935 (እ.ኤ.አ.) ኡ ናጋሃሩ የተባለ በጃፓን የሚሠራ የዕፅዋት ተመራማሪ የጎመን ዘሮችን ዝምድና ሲያጠና አንድ ነገር አሳየ። የሐበሻ ጎመን ድቅል ነው። አንደኛው ወላጁ ሰናፍጭ ነው፤ ሌላኛው ደግሞ ጥቅል ጎመን የተገኘበት ዘር። ሁለቱ ተገናኝተው የሁለቱንም ውርስ ሙሉ በሙሉ ይዞ የተወለደ ሦስተኛ ነው። የእናቴ ጓሮ ውስጥ «የአገር ልጅ» መሆኑ ያላጠራጠረው አንድ ተክል፣ ያ ሰውዬ ቢሰማው ይገርመዋል፣ የተደባለቀ ሆኖ ተገኘ።

ገብሴስ «የሐበሻ» የተባለችው መቼ ነው? ስሟ ከእሷ የመጣ አይደለም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጅማና ዓለማያ የነበሩት የእርሻ ትምህርት ቤቶች የውጭ ዶሮ ዝርያዎችን አስገቡ፤ ነጭ ሌግሆርን፣ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኒው ሃምፕሻየር፣ አውስትራሎርፕ። ሌግሆርን የሚለው ስም እንኳ ሊቮርኖ የሚባለው የጣሊያን ወደብ የእንግሊዝኛ መጠሪያ ነው፤ ይህችም በወደብ ስም የተጠራች ናት። ዶሮ ከዚያ በፊት ዶሮ ነበረች፤ ቅጽል አያስፈልጋትም ነበር። «የፈረንጅ ዶሮ» ስትመጣ ነው የቀድሞዋ «የሐበሻ» የሆነችው። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ መጤ መሆኗን ማንም ሳያነሣባት ኖረች፤ ነባር የተባለችው ሌላ መጤ ሲመጣ ነው።

ልዩነታቸው ግን የስም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ነጮቹ በዓመት ከ250 በላይ እንቁላል ሊጥሉ ይችላሉ፤ የሐበሻዋ ከ60 ብዙም አትዘልም። ነጮቹ ግን መታቀፍ ረስተዋል፤ እንቁላል ብዙ እንዲጥሉ ሲመረጡ ማቀፉ ከደማቸው ወጥቷል። ገብሴ በጉልበቷ ዘመን ጭድ በተነጠፈበት እንቅብ ላይ 21 ቀን ትቀመጥ ነበር። ጭልፊት ሲያንዣብብ ጫጩቶቿን ክንፏ ሥር ትሰበስባለች፤ ሽለምጥማጥ የገባ ሌሊት ሰፈሩን የቀሰቀሰችው እሷ ናት። አንድ ዓመት ፈንግል ገብቶ የጎረቤቱን ቆጥ ሁሉ ባዶ ሲያስቀር ከሰፈሩ የተረፉት ሦስት ናቸው፤ አንዷ ገብሴ። ያን ጊዜ ይመስለኛል እናቴ «ከእንግዲህ አንቺን አልነካሽም» ያለቻት።

ዜና መዋዕሎቻችን የግብሩን ሰንጋና የጠጁን ብዛት ይነግሩናል። የዶሮ ሒሳብ ግን በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ ምክንያቱም የሴቶች ሒሳብ ነው። በሬው የአባወራው ነው፤ እንቁላሉ የእመቤቲቱ። የእናቴ የእንቁላል ብር በመቀነቷ ጫፍ ይቋጠር ነበር፤ አባቴም «ስንት ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም። የ1ኛ ክፍል ደብተሬ የተገዛው በዚያ ብር ነው። ማንበብ የተማርኩት በዶሮ ነው ብል አልተጋነነም።

አሁን ሰፈሩ ይፈርሳል ተብሏል። መቼ እንደሆነ የሚነገረን በየወሩ ይለያያል። እናቴ እዚህ ቤት የገባችው ከ41 ዓመት በፊት ከወሎ መጥታ ነው፤ ያኔ የሰፈሩ ሰዎች «የወሎዋ ሴትዮ» ይሏት ነበር፤ ዛሬ አዲስ ተከራይ ሲመጣ ስለ ሰፈሩ የሚጠይቃት እሷን ነው። የደረሳት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ኮሙናል የሚባለው የጋራ ቤት አለ፤ ለበዓል የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት። ዶሮ የሚታረድበትን ያሰበ ሰው ዶሮ የሚኖርበትን አላሰበም።

ነጮቹን ለጎረቤት ልጅ ልትሰጥ ወስናለች። የጎመኑን ዘር አድርቃ በጨርቅ ቋጥራለች፤ ጤና አዳሙንና በሶብላውን በቆርቆሮ ጣሳ ተክላለች። ስለ ገብሴ ግን ምንም አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ባለፈው እሑድ ጠርታኝ ሜትር ይዤ ሄጄ በረንዳውን እንድለካ አዘዘችኝ። ለካሁ። አንድ ሜትር ከ20 በሁለት ሜትር ከ80። ስመለስ ጓሮ ሆና የተቀደደውን አጎበር በመርፌ ስትጠቅም አገኘኋት፤ ገብሴ አጠገቧ ቆማ ቀዳዳው ሲዘጋ ታያለች። ቁጥሩን ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ለእሷ ይበቃታል» አለችኝ። «ለጎመኑ ነው የማይበቃው።»

ከዚያ ክሩን በጥርሷ ቆርጣ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ አለፈች።